ለስንት ጠርሙስ የሚበቃ ጓዳ

ኦገስት 23፣ 1998፣ እሁድ

ይህን ደብተር ሶላንዥ ለስልሳ ዘጠነኛ ልደቴ የሰጠችኝ ጠርሙሶቼን እንድመዘግብበት ነበር። በየገጹ አምድ ተሰምሮለታል፦ ዓመት፣ መንደር፣ ብዛት፣ የሚጠጣበት ጊዜ። እኔ ግን ጠርሙሶቼን ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ በካርድ ስለያዝኳቸው የባለቤቴን ደብተር ለሐሳቤ አድርጌዋለሁ። አልነገርኳትም። ስጽፍ አምዶቹን እየረገጥኩ ነው የማልፈው፤ ለቀያሽ ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ዛሬ ከቤታችን ስር ያለው የወይን ጓዳ ሞላ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ጠርሙሶች ቦታ አጥቼ ደረጃው ላይ አቆምኳቸው። ቆሞ የሚቆይ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል። አርባ ዓመት የሰው መሬት ስለካ ኖሬ የራሴን ጓዳ ሳልለካ መቅረቴ ያሳፍራል። ሶላንዥ ስትወርድ ተሰናክላ ልትወድቅ ስትል ግድግዳውን ይዛ ተረፈች።

«ልሞት ነበር እኮ!» ብላ ከታች ጮኸች።

«ጠርሙሱ ተሰበረ?» አልኩ።

እስካሁን እንዳኮረፈችኝ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ስለ እሷ እንደሆነ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ኦገስት 25

ስሌቱን ሠራሁ። ሁለታችን ከእንግዳ ጋር በዓመት መቶ ሠላሳ ጠርሙስ እንጠጣለን። ከዚህ ውስጥ ሰባው ቶሎ የሚጠጣ ስለሆነ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው፤ መቶ አርባ ቦታ። ስድሳው ግን የሚያድግ ወይን ነው፣ በአማካይ አሥራ ሁለት ዓመት ይተኛል፤ ሰባት መቶ ሃያ ቦታ። ድምሩ ስምንት መቶ ስድሳ። ሰው ደካማ ነው፣ ጥሩ ዓመት ሲመጣ እጁን መሰብሰብ አይችልም፤ ስለዚህ አንድ አምስተኛ እጨምራለሁ። አንድ ሺህ ሠላሳ ሁለት።

ጓዳው የሚይዘው ስድስት መቶ አርባ ነው።

በምሳ ላይ ወረቀቱን አሳየኋት። ጥንቸሉን በሰናፍጭ እያጠቀሰች ቁጥሩን አየችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

«አንሴልም፣ ስንት ዓመት ልትኖር አስበህ ነው?»

«የክሎቲልድ ልጅ ሃያ ዓመት እስኪሞላው። የተወለደበትን ዓመት ወይን አስተኝቼ አብሬው መጠጣት አለብኝ። አባትሽ ለክሎቲልድ አላደረገም?»

«ዘጠና ልትሞላ ነዋ!»

«ሰማንያ ዘጠኝ።»

ልጃችን ክሎቲልድ በኦክቶበር አጋማሽ ትወልዳለች፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ በሠላሳ አራት ዓመቷ። ሶላንዥ ዲዦን ከተማ ሄደን ከልጃችን ሰፈር እንድንኖር ትፈልጋለች። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት ያለው፣ ጓዳ የሌለው ቤት። ጠርሙሶቹን ለሰው እያደሉ መሄድ ነው አሳቧ።

ብዙ ተነታርከን ተስማማን። ልጁ እስኪወለድ ድረስ ጓዳውን በራሴ እጅ አስፍቼ ከጨረስኩ እንቆያለን። ሶላንዥ ግን ጣቷን አንስታ አንድ ነገር አስገባች። «አንድ ቀን ብትወድቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ራስህን ብትስት፣ ነገሩ አለቀ። ልጁ ገና ሳይወለድ ዕቃ እንጭናለን። እሺ በል።»

«እሺ» አልኩ። እኔ ወድቄ አላውቅም።

ኦገስት 29

ተገኘ!

በስተጀርባ ካለው መደርደሪያ ኋላ በጡብ የተደፈነ አሮጌ ቅስት አለ። ቤቱ ከገባን ጀምሮ አየዋለሁ፣ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በመዶሻ እጀታ መታ ሳደርገው የባዶ ነገር ድምፅ ሰጠኝ። ጡቡን እስከ ከሰዓት ነቀልኩ። ከኋላው ሦስት ደረጃ ወደ ታች የሚወርድ ክፍል! ሁለት ሜትር ከአርባ በሦስት ሜትር ከአሥር። ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረ ግድግዳ፣ መስኮት የለው፣ ምን የለው። ቴርሞሜትሩን ሰቅዬ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። አሥራ አንድ ዲግሪ ተኩል። ለወይን ከዚህ የተሻለ መኝታ የለም። አራት መቶ ጠርሙስ ይይዛል። ስሌቴ ከእነ ጭማሪው ሞላ ማለት ነው።

ይህን ክፍል ሠርቶ መልሶ የደፈነው ሰው ምን ሆኖ ነው?

ኦገስት 30

የቦታውን ፕላን አወጣሁ። ባላወጣው ይሻል ነበር። የድንበሩ መስመር ልክ በቅስቱ በኩል ነው የሚያልፈው። አዲሱ ክፍል ያለው በጎረቤቴ በዠርቬ ግቢ ስር ነው። ከጀርባው ያለው ግድግዳ የእሱ የወይን መጥመቂያ ቤት ታችኛው ክፍል ግድግዳ ነው።

ከምድር ስር ማን አጥር አጠረ? ደግሞም ዠርቬ የወይን ለቀማው ስለደረሰ ራሱን የሚያክበት ጊዜ የለውም። ከለቀማው በኋላ ረጋ ሲል እነግረዋለሁ።

አርባ ዓመት ሙሉ ሰዎች ይህንኑ ሲሉኝ ድንበር ድንበር ነው ብዬ ካስማ ስተክልባቸው ኖሬያለሁ።

ሴፕቴምበር 4

ሁለት ሥራ ተሠራ።

አንደኛው መስኮቱ። ከጓዳው ወደ መንገድ የምትወጣው ትንሽ የአየር መስኮት ሙቀቱን ታምሰዋለች፤ ቀን ሁለት ዲግሪ ከፍ፣ ሌሊት ሁለት ዲግሪ ዝቅ። ወይንን የሚገድለው ቅዝቃዜ አይደለም፣ መዋዠቅ ነው። በሳንቃ ዘጋኋት፣ ዳር ዳሩን በሱፍ ጠቅጥቄ በሲሚንቶ ለሰንኩ። ቴርሞሜትሩ አሁን የትም አይነቃነቅም።

ሁለተኛው ሻማው። በደረጃው ራስ ላይ፣ በግድግዳው ጎድጓዳ ውስጥ፣ የሶላንዥ ሻማና ክብሪት ከተጋባን ጀምሮ ተቀምጠው ነው የኖሩት። እሷ የወይን ጠማቂ ልጅ ናት። በለቀማ ሰሞን ሻማ ለኩሳ፣ ከጉልበቷ ዝቅ አድርጋ ይዛ፣ እንደ ቅዳሴ ዲያቆን እየተራመደች ነው የምትወርደው። የሚፈላ ወይን ጋዝ ይተፋል፣ ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፣ ሽታ የለውም። ሻማው ከጠፋ ወደኋላ ትመለሳለህ። ትልቁ አጎቷ ያለ ሻማ ወርዶ ነው የቀረው። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ትነግረኛለች፤ በየዓመቱ እኔም እኛ ቤት ወይን ይጠጣል እንጂ አይጠመቅም እላታለሁ።

የሻማ ጭስ ለጠርሙስ አይበጅም። ረጅም ገመድ ያለው የኤሌክትሪክ መብራት እስከ አዲሱ ክፍል ዘርግቼ፣ ሻማና ክብሪቱን ወስጄ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

ሴፕቴምበር 6

አዲሱ ክፍል ተመረቀ። የመጀመሪያዋ ገቢ የ64ቷ ናት። የሶላንዥ አባት ክሎቲልድ በተወለደች ዓመት ካስተኛቸው የቀረችው አንድ ጠርሙስ። ክሎቲልድ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንከፍታታለን ብለን ከአማቴ ጋር ቃል ገብተናል፣ ነፍሱን ይማር። ድሮ ከደረጃው አጠገብ ነበረች። አሁን በጥልቁ ጥግ፣ ከታችኛው ረድፍ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ተኝታለች። ከቤቱ ሁሉ ሙቀቱ የማይነቃነቀው እዚያ ነው። ቦታዋን ለሶላንዥ አሳየኋት። ቅስቱን አይታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ይሄ የዠርቬ አይደለም?»

«እሱ ያውቃል» አልኳት።

ሴፕቴምበር 14

ለቀማው ተጀመረ። መንገዱ በትራክተር ተጨናንቋል፣ አየሩ ሁሉ የወይን ጭማቂ ይሸታል።

ዠርቬ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ጠራኝ። እጁ እስከ ክርኑ ሐምራዊ ሆኗል። እኔን ሙሴ ቀያሽ፣ አቶ ቀያሽ እንደማለት፣ እያለ መጥራት ይወዳል።

«ሙሴ ቀያሽ! ዘንድሮ ምርቱ አበደ። ሁለት ገንዳ ታችኛው ክፍል አስገባሁ።»

«እሰይ!»

«አባቴ ቢያየኝ በጥፊ ነበር የሚለኝ። እዚያ ታች ምንም ነገር እንዲፈላ አይፈቅድም ነበር። እኔ ግን ማራገቢያ አለኝ፣ ጋዙን ገፍቶ ያወጣዋል።»

ወዴት ነው የሚያወጣው ብዬ ልጠይቀው ነበር። አልጠየቅኩትም።

«የጓዳህ መስኮት ክፍት ነው አይደል? ይህን ሰሞን ክፍት ይሁን፣ እንዳትረሳ።»

«ክፍት ነው» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ። ተዘግቷል ብለው ሊያየው ይወርዳል። ከወረደ ቅስቱን ያያል።

ሴፕቴምበር 19

በአዲሱ ክፍል ጆሮን ወደ ግድግዳው ሲያስጠጉ ይሰማል። ቡልቅ፣ ቡልቅ። የዠርቬ ገንዳዎች ናቸው። ስሠራ ጓደኛ ሆነውኛል።

ቡሌ፣ ውሻችን፣ ዛሬ ተከትሎኝ ወረደ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስቱን ደረጃ ወርዶ ወለሉ ላይ እንደ ልማዱ ተጋደመ። ሁለተኛውን መደርደሪያ እያሰርኩ ሳለ ሊነሳ ሞከረ፣ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። አቅፌ አወጣሁት። ግቢው ውስጥ ትንሽ እንደቆየ ተነስቶ ዶሮ አባረረ።

እርጅና ነው። ውሻም ሰውም ያው ነው።

ሴፕቴምበር 23

ቸኩያለሁ። ራሴን ያመኛል፣ ሦስተኛ ቀኑ። የሲሚንቶው አቧራ ይሆናል። መብራቱ ተቃጠለ፤ ቴርሞሜትሩን ለማንበብ ጎንበስ ብዬ ከኪሴ ክብሪት አውጥቼ ጫርኩ። በራ፣ ጠፋ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። እርጥበት ገብቶታል። አዲስ ክብሪት ይገዛ። አምፖል። ቡሌ አልወርድም ብሎ ደረጃው ራስ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ፈሪ።

በኋላ፦ ያንኑ ክብሪት ወጥ ቤት ሞከርኩት። በመጀመሪያው ተቀጣጠለ። ወጥ ቤት ስለሚሞቅ ደርቆ ይሆናል።

ሴፕቴምበር 27፣ እሁድ

ይህን ማንም እንዳያነብ።

ሶላንዥ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። በአዲሱ ክፍል ታችኛው ረድፍ ጠርሙስ ሳስተኛ ደረቴ ጠበበ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጆሮዬ ውስጥ ደወል ጮኸ። ቀና ልል ስል ጉልበቴ ታጠፈ። ከዚያ የማውቀው በአራት እግሬ ሦስቱን ደረጃ እየዳህኩ መሆኔን ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላስታውስም። አሮጌው ጓዳ ወለል ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። ግንባሬ አብጧል።

ልቤ ነው። አባቴም በልቡ ነው የሞተው፣ በሰባ። ፈርቻለሁ። መሞትን አይደለም፣ ወይም እሱንም ነው፤ ግን የበለጠ የፈራሁት ያንን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱን፣ በእግሬ ስር ምንም የሌለበትን ወለል። ብትወድቅ አለቀ ብላለች። እኔም እሺ ብያለሁ።

ስትመለስ ግንባሬን አየች።

«ምን ሆንክ?»

«የዕቃ ቤቱ በር መታኝ።»

እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ያዘችልኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ ደስ ይል ነበር። «እንደ ልጅ ነህ» አለችኝ። ያኔ ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

ሴፕቴምበር 30

ለሶላንዥ ሸራ ልገዛ ነው ብያት አጠገባችን ወዳለችው ቦን ከተማ ወረድኩ፤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናት። ልቤን በማሽን አየች፣ ደሜን ለካች፣ ደረጃ አስወጣችኝ።

«ልብዎ የሃምሳ ዓመት ሰው ልብ ነው። እኔ እንኳ እቀናለሁ» አለች። «ሲወድቁ የት ነበሩ?»

«ቤት።»

«ቤት የት?»

«ደረጃ ላይ።»

«ለባለቤትዎ ነግረዋታል?»

«ወዲያው!»

ሸራ መግዛቱን ረስቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልቤ ካልሆነ ምንድን ነው ብዬ መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ፤ እቤት ስደርስ ማሰቡን ተውኩት።

ኦክቶበር 3፣ ቅዳሜ

የዠርቬ የለቀማ መዝጊያ ግብዣ። ሠላሳ ሰው በአንድ ረጅም ጠረጴዛ። የበሬ ሥጋ በቀይ ወይን፣ አይብ፣ ዘፈን። ሶላንዥ ሁለት ጉንጭዋ ቀልቶ ከለቃሚዎቹ ጋር ጨፈረች። ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። ቆንጆ ናት፣ በስልሳ ስድስት ዓመቷ።

ዠርቬ ብርጭቆውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «እነዚያ የታችኞቹ ገንዳዎች ሰነፎች ናቸው» አለ። «ላይኞቹ ጨርሰዋል፣ እነሱ ገና እያጉረመረሙ ነው። ሌላ ሁለት ሳምንት። አባቴ ያን ክፍል ለምን እንደሚፈራው ታውቃለህ? ግድግዳው ይተነፍሳል ይል ነበር። በድንጋዮቹ መሃል። እናንተ በኩል ያለውን ቅስት እሱ ነው በጡብ ያስደፈነው፣ እናንተ ሳትገቡበት፣ ቤቱ የአንዲት አሮጊት በነበረ ጊዜ። ደግነቱ ድፍን ነው።»

«አዎ» አልኩ። «ድፍን ነው።»

ሶላንዥ ከማዶ እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩላት።

ሰኞ መስኮቱን እከፍታለሁ።

ኦክቶበር 5፣ ሰኞ

ዝናብ። መስኮቱ ቢከፈት ውሃ ይገባል፣ የጠርሙሶቹ ወረቀት ይበሰብሳል። ደግሞ ሲሚንቶው እንዲህ በዋዛ የሚነሳ አይደለም፤ በደንብ ነው የለሰንኩት። ሁለት ሳምንት ምን አላት? ገንዳዎቹ ዝም ሲሉ ነገሩ ያበቃል፣ ለማንም ምንም መንገር አያስፈልግም።

ዘዴውን ደርሼበታለሁ። ቶሎ መውረድ፣ አለመጎንበስ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መውጣት። የላይኞቹን ረድፎች እንደዚያ ጨረስኩ። የታችኛው ረድፍ ይቆይ።

ሶላንዥ ከወጥ ቤት ተጣራች። «ሻማዬ የት ሄደ?»

«መብራት አለልሽ እኮ!»

«መብራት ስለ ጋዝ ምን ይነግረኛል? ለቀማ አይደለም እንዴ?»

«ዠርቬ ማራገቢያ አለው። ደግሞ ምን ሊያደርግልሽ ትወርጃለሽ፣ የሚያስፈልግሽን እኔ አመጣልሻለሁ።»

«ግትር ሽማግሌ» አለች። ከዚያ ስልኩ ጮኸና ረሳችው።

ኦክቶበር 7

ከሳሎን ሆና ለክሎቲልድ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አባትሽ የሆነ ነገር ደብቆኛል። ማታ ማታ ይደነብራል። ምን እንደሆነ ባውቅ አልቆጣም ነበር። እውነቴን ነው፣ እዚሁ እንኳ እንቆይ ብዬ አስቤያለሁ፤ ይህን ጓዳ ሲሠራ እንደ ድሮው ያፏጫል።»

ስለዚህ ብወድቅም ባልወድቅም እዚሁ ልታቆየኝ ነበር ማለት ነው። ሄጄ ልነግራት ተነሳሁ። ገና ስልኩን አልዘጋችም ነበር። ነገ።

ኦክቶበር 9፣ ዓርብ፣ ረፋድ

ተወለደች! ሴት! ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ! የክሎቲልድ ባል አሁን ደወለ፣ እያለቀሰ ነው የሚያወራው፣ ግማሹ አልተሰማኝም። ከሆስፒታሉ ክሎቲልድ ራሷ ስልኩን ተቀብላ «አባዬ፣ አያት ሆንክ» አለችኝ። ስሟ ኤሎዲ። ኤሎዲ! ሶላንዥ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ መልሳ ሰጠችኝ።

«የ64ቷ!» አለች፣ «አሁኑኑ!» እንደ ኮረዳ እየሮጠች ወጣች። እኔ ከባልየው ጋር ገና እያወራሁ ነበር፤ ስንት ሰዓት እንደተወለደች፣ ማንን እንደምትመስል።

ብርጭቆዎቹን አወጣሁ፣ ትልልቆቹን። አጠብኳቸው፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኳቸው። መክፈቻው። ዳቦና ያቺ ያረጀች አይብ። እሷ እስክትመጣ ይህቺን ሰዓት ልመዝግብ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ሠላሳ አራት ዓመት የተኛ ጠርሙስ ቀስ ብሎ ነው የሚያዘው፣ እንዳትነቀንቀው ከመውረዷ በፊት ልነግራት ይገባኝ ነበር። ስሌቱንም አሁን በእርግጠኝነት መጻፍ እችላለሁ፤ ለኤሎዲ ሰባ ሁለት ጠርሙስ፣ ሃያ ዓመት። በ2018 ትከፍታለች። እኔ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሶላንዥ ሰማንያ ስድስት።

ቡሌ ደረጃው ራስ ላይ ይጮኻል። ዝም በል አልኩት። አይሰማም።

ቆየች።

ኖቬምበር 11

አሁን መጻፍ እችላለሁ፤ ወይም አልችልም፣ ግን ሌላ የማደርገው የለኝም።

ከላይ ሆኜ ጠራኋት። መብራቱ በርቷል። ከቅስቱ ማዶ ጫማዋ ይታየኝ ነበር። ልወርድ ስል ዠርቬ በጩኸቴ መጥቶ ከኋላ በኮሌታዬ ያዘኝ። «ሁለታችሁም ትቀራላችሁ!» አለኝ። በዶማ መስኮቱን ከመንገድ በኩል ሰበረ። ሲሚንቶው ብዙ አስቸገረው፤ በደንብ ነበር የለሰንኩት። ከዚያ የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ። ይዘዋት ሲወጡ ጠርሙሷ በእጇ ነበረች። አልተሰበረችም።

በቀብሩ ማግስት ዠርቬ መጥቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ። ሐምራዊው ቀለም ከእጁ ገና አልለቀቀም።

«ቅስቱን መቼ ከፈትከው?»

«ኦገስት።»

«አንተ ግን ስትወጣ ስትወርድ ከረምክ። ምንም አልተሰማህም?»

«ምንም» አልኩት።

ፖሊሶቹም ይህንኑ ጠየቁኝ፤ ይህንኑ መለስኩላቸው። ጻፉት፣ ፈረምኩበት።

እሷ ታች ሳለች የጻፍኩትን የኦክቶበር 9ኙን ገጽ ዛሬ ሰዓት ይዤ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በሌላ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። ሰባት ደቂቃ ይፈጃል። ብርጭቆዎቹን ማጠቡን አልጨመርኩም።

ኖቬምበር 14

ሌላ ሥራ ስለማላውቅ ስሌቱን እንደገና ሠራሁት። አንድ ሰው። ቶሎ የሚጠጣው ሠላሳ አምስት በሁለት ዓመት፣ ሰባ። የሚያድገው ሠላሳ በአሥራ ሁለት ዓመት፣ ሦስት መቶ ስድሳ። አንድ አምስተኛ ሲጨመርበት አምስት መቶ አሥራ ስድስት።

አሮጌው ጓዳ ስድስት መቶ አርባ ይይዛል። ቦታ ይተርፋል።

ኖቬምበር 15፣ እሁድ

ክሎቲልድ ልጅቷን ይዛ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ናት። ኤሎዲ አገጯ የሶላንዥ ነው። ታቀፍኳትና ቶሎ መለስኳት።

ከምሳ በኋላ ክሎቲልድ ደረጃው ራስ ላይ ስትቆም አየኋት። እጇን ጎድጓዳው ውስጥ ከታ ትዳብሳለች። አቧራውን ከጣቶቿ አራገፈችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ እማዬ በለቀማ ሰሞን ያለ ሻማ ወርዳ አታውቅም። እኔን እንኳ በልጅነቴ በዚህ ነገር መትታኛለች። ሻማው የት ሄደ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ሕፃኗ ስታለቅስ ወደ እሷ ሄደች።

ሻማው ይህን የምጽፍበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከክብሪቱ ጋር፣ ሴፕቴምበር 4 ባስቀመጥኩት ቦታ። ክሎቲልድ ከጎን ባለው ክፍል እያጠባች ነው። የሕፃኗ ትንፋሽ እስከዚህ ይሰማል። ስትጨርስ ቡና ልታፈላልኝ በዚህ በኩል ታልፋለች። እኔ ቡሌን ይዤ ወደ መቃብሩ እሄዳለሁ። ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። መሳቢያውንም አልዘጋሁትም።